የድሮ ቤት መስመር ልታስቀይሩ ያሰባችሁ፣ ከግድግዳው የወጣውን ሽቦ ሳታዩ ብር እንዳትከፍሉ

ሰላም ወገኖች፣ ይሄን የምጽፈው የኛ ቤት የደረሰው ሌላ ሰው ቤት እንዳይደገም ብዬ ነው። በተለይ የወላጆቻችሁን የድሮ ቤት የመብራት መስመር ለማስቀየር ብር እያጠራቀማችሁ ያላችሁ፣ ውጭ ሀገር ሆናችሁ ብር የምትልኩ ደሞ ከሁሉም በላይ፣ ቢረዝምም ታግሳችሁ አንብቡት።

የእናቴ ቤት አዲሱ ገበያ አካባቢ ነው፣ አባቴ በ1960ዎቹ ያሰራው የጭቃ ቤት፣ ኋላ ላይ በሲሚንቶ የተለሰነ። መስመሩ ያኔ የተዘረጋው ነው። እንደዚህ አይነት ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ ሽቦው በቱቦ ውስጥ አይደለም ያለው፣ እንጨቱ ላይ በሚስማር ተይዞ ጭቃ ተመርጎበታል፣ ሽፋኑ ጎማና ጨርቅ ስለሆነ ከ50 አመት በኋላ በጣታችሁ ስትነኩት ብቻ ይፈረፈራል። ሲዘረጋ የታሰበው ለአራት አምስት አምፖልና ለአንድ ሬድዮ ነው። ዛሬ እዛው ላይ ምጣድ አለ፣ ስቶቭ አለ፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ሻወር ቤት ደሞ ቦይለር። ባልቦላው በየሳምንቱ ይቃጠል ነበር፣ እናቴ ምጣድ ከመጣዷ በፊት ፍሪጁን ነቅላ ስቶቩን አጥፍታ ነው የምትጀምረው፣ እንደዛም ሆኖ ምጣዱ ሲሰካ ሳሎን ያለው አምፖል ድክም ይላል።

እህቴ ጅዳ ሰው ቤት ነው የምትሰራው። እማዬ እሳት እንዳይነሳባት ብላ ፈርታ ስንት ወር ያጠራቀመችውን ላከች። ሶስት ባለሙያ ጠየቅን፣ ሁለቱ በፖይንት (በሶኬቱና በአምፖሉ ቁጥር) አስልተው እቃው ሲጨመር ከ100 ሺህ ብር በላይ ነው ያሉን፣ ሶስተኛው ግን ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና "እማማ እናንተ መርካቶ ለመርካቶ ምን አንከራተታችሁ፣ እቃውንም እኔ እገዛለሁ፣ የእጅ ዋጋውን ጨምሬ በ68 ሺህ ሙሉ ቤቱን አዲስ አደርግላችኋለሁ፣ ልስኑንም አልነካም" አለ። ልስኑን አልነካም ሲል እኛ ደስ አለን፣ ምክንያቱም ቀለም ከተቀባ አመት አልሞላውም። እስኪ አስቡት ግን፣ ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ልስን ሳይነካ እንዴት ነው የሚቀየረው? ያን ቀን ይሄን አንድ ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

በሶስት ቀን ጨረሰ። በየክፍሉ ነጭ አዲስ ሶኬት፣ አዲስ ማብሪያ ማጥፊያ፣ በሩ ጋ ብሬከር የተደረደረበት አዲስ ሳጥን። ፎቶ አንስተን ለእህቴ ላክንላት፣ ደስ ብሏት አለቀሰች። ቀሪውን ብር ከፈልነው፣ እናቴም መርቃ ሸኘችው። ደሞ እኮ ከዛን ቀን ጀምሮ መብራት ጠፍቶብን አያውቅም፣ ምጣድም ስቶቭም ፍሪጅም አንድ ላይ እየሰሩ ብሬከሩ ንቅንቅ አይልም፣ እኛ ይሄን አይተን ስራው ጥሩ ነው አልን።

ሁለት ወር ተኩል እንደሆነው እናቴ ሻወር ቤት ቧንቧውን ስትነካ ይነዝረኛል ማለት ጀመረች፣ በተለይ ምጣድ በተጣደበት ሰአት። መስመሩን ለሰራልን ልጅ ስንደውልለት እርጥበት ነው እማማ ነጠላ ጫማ ያድርጉ አላት። በሳምንቱ እንጀራ እየጋገረች የፕላስቲክ ሽታ ሸተታት፣ ዞር ስትል ከምጣዱ ሶኬት በላይ ያለው ግድግዳ ቀለሙ ቡናማ ሆኖ እያበጠ ነው፣ እጇን ብታስጠጋ ይፋጃል። እግዚአብሔር ይመስገን ነቅታ ዋናውን አጠፋችው፣ ሌሊት ቢሆን ወይ እሷ ቤት ባትኖር ምን እንደሚሆን ማሰብ ራሱ ያመኛል።

ሰፈራችን ውስጥ ሙሉ እድሜያቸውን ኤሌክትሪክ ሲሰሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ጋሼ አሉ፣ እሳቸው መጡልን። መጀመሪያ የጠየቁን ነገር ገርሞኛል፣ "የወጣው አሮጌ ሽቦ የታለ?" አሉ። እናቴ አንድ ፌስታል ሞልቶ ነበር ይዞት ሄደ አለች። ጋሼ ዝም አሉ፣ ከዛ አራት ክፍል ካለው ቤት ሙሉ መስመሩ ቢወጣ በፌስታል አይያዝም ማዳበሪያ ነው የሚሞላው፣ መዳብ ስለሆነም ቁራሌው በር ላይ ቆሞ በጥሩ ዋጋ ይገዛው ነበር አሉን። ሶኬቱን ሲፈቱት እውነቱ ወጣ። ከሶኬቱ ጀርባ አንድ ክንድ የማይሞላ አዲስ ሽቦ አለ፣ ጫፉ ከአባቴ ጊዜው የጨርቅ ሽቦ ጋር ተጠምዝዞ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል፣ ተመልሶ ግድግዳው ውስጥ ተወትፏል። ሌላ ክፍል ፈቱ፣ ያው ነው። አምፖሎቹ ጋ ኮርኒስ ላይ ወጥተው አዩ፣ ያው ነው። በቃ ዓይን የሚያየውን ጫፍ ብቻ ነው የቀየረልን፣ ውስጡ እንዳለ የድሮው ነው።

ብሬከሩ ለምን እንደማይወድቅ ደሞ ያስረዱኝን ሁላችሁም እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። የኛ ሀገር መብራት 220 ቮልት ነው፣ የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3500 እስከ 4000 ዋት ይወስዳል፣ ስታካፍሉት ከ16 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው፣ ለዛውም ለአንድ አፍታ አይደለም፣ እናቴ ስትጋግር ሁለት ሰአት ሙሉ። 1.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) የሚባለው ቀጭን ሽቦ ግድግዳ ውስጥ ሆኖ ወደ 15 አምፔር አካባቢ ነው አቅሙ፣ የኛው የድሮው ደሞ ሽፋኑ የተፈረፈረ ነው። ልጁ ግን የገጠመው 32 አምፔር ብሬከር ነው። ብሬከር ሽቦው ሳይግል ቀድሞ እንዲቆርጥ ነው የሚደረገው፣ ከሽቦው አቅም ሁለት እጥፍ ከሆነ ሽቦው ነዶ ግድግዳው ሲቃጠል ብሬከሩ ገና ምንም አልተሰማውም። የድሮው ባልቦላ በየሳምንቱ እየተቃጠለ ሲያስቸግረን ለካ ቤቱን እየጠበቀልን ነበር። ስለዚ ከስራ በኋላ መብራት አይጠፋም ማለት ጥሩ ተሰርቷል ማለት አይደለም፣ ብሬከሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡና ከሽቦው ውፍረት ጋር አስተያዩት።

ኧርዙ፣ ማለትም ያፈተለከውን ከረንት ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ፣ ደሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ሶኬቶቹ ባለ ሶስት ቀዳዳ ናቸው፣ ሲፈቱ ቢጫና አረንጓዴ የሆነች አንድ ስንዝር ሽቦ ታስራለች፣ ሌላኛው ጫፏ ግድግዳ ውስጥ ከምንም ጋር አልተገናኘም። የምጣዱና የቦይለሩ ሶኬት ላይ ደሞ የኧርዙን ቦታ ከኒውትራሉ (ከረንቱ ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር በአጭር ሽቦ አገናኝቶታል። ይሄን የሚያደርጉት ሰው መጥቶ በመለኪያ ቢለካ 220 እንዲያሳይ ነው፣ የሚለካው ሰው ኧርዝ አለ ብሎ ይሄዳል። ግን ምን ማለት መሰላችሁ፣ የቦይለሩ ብረት በቀጥታ ከኒውትራል ጋር ተያይዟል፣ ምጣድ ሲሰካ በዛ በተበላሸ መገጣጠሚያ ላይ ብዙ ከረንት ሲያልፍ የተወሰነ ቮልት ብረቱ ላይ ይቀራል፣ እናቴን የነዘራት እሱ ነው፣ እርጥበት አይደለም። ኒውትራሉ አንድ ቦታ ቢበጠስ ወይ ቆጣሪ ጋ ፌዝ (ከረንቱን የሚያመጣው ሽቦ) እና ኒውትራል ቢቀያየር ደሞ ሙሉ 220 ቮልት ቧንቧው ላይ ይመጣል። 75 አመቷ ነው እናቴ፣ እርጥብ ወለል ላይ ቆማ ነው ውሃ የምትከፍተው።

ሽቦውስ? ተርፏል ብሎ ያስቀመጠልን ያልተከፈተ ጥቅል አልጋ ስር ነበር። 2.5 ይላል፣ 100 ሜትር ይላል፣ ንጹህ መዳብ ይላል። ጋሼ በእጃቸው አንስተው ገና ሲያመዛዝኑት ይሄ መዳብ አይደለም አሉ። የጎረቤት ባለሱቅ ሚዛን ላይ ስናስቀምጠው ሁለት ኪሎ አልሞላም። እውነተኛ መዳብ 2.5 የሆነ 100 ሜትር ሽቦ ሽፋኑን ሳይጨምር መዳቡ ብቻ ከሁለት ኪሎ በላይ ነው የሚመዝነው፣ ከነሽፋኑ ወደ ሶስት ኪሎ ይጠጋል። ጫፉን በምላጭ ሲፍቁት ከላይ ቀይ ውስጡ ነጭ፣ አልሙኒየም ነው፣ መዳብ የለበሰ። ወዲህ ወዲያ ሲያጥፉት ቶሎ ተቀነጠሰ። አልሙኒየም በተመሳሳይ ውፍረት ከመዳብ ይልቅ ከረንት የማሳለፍ ችግር አለበት፣ ስለዚ የበለጠ ይግላል፣ ከመዳብ ጋር የተጠመዘዘበት ቦታ ደሞ እየላላ እየዛገ ይሄድና እሳት የሚነሳው እዛ ጋ ነው። አንዳንድ ሻጭ ማግኔት አምጥቶ አይስበውም ስለዚህ መዳብ ነው ይላችኋል፣ አትስሙት፣ ማግኔት አልሙኒየምንም አይስብም። ምላጭና ሚዛን ነው የሚያዋጣችሁ።

እና ይሄን ያየ ሰው ምን ያድርግ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ እቃውንም ስራውንም ለአንድ ሰው በጅምላ አትስጡ። እቃ ራሳችሁ ግዙ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ጥቅሉን ሱቁ ውስጥ አስመዝኑ፣ ጫፉን አስፍቁ፣ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ባለሙያውን የብቃት ማረጋገጫህን አሳየኝ በሉት፣ የኤሌክትሪክ ስራ የሚሰራ ሰው ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሚሰጥ ደረጃ ያለው ማረጋገጫ አለ። መብራት ኃይል ነው የምሰራው ማለቱ ብቻ አይበቃም፣ ከቆጣሪ ወዲህ ያለው የቤት ውስጥ መስመር የባለቤቱ ሀላፊነት ነው፣ ነገ ቢቃጠል መብራት ኃይል አይጠየቅበትም። በወረቀት አስፈርሙት፣ ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ለምጣድ ለብቻው 4፣ ሁሉም ከብሬከሩ ሳጥን ጀምሮ እስከ ጫፍ አዲስ ብሎ ይጻፍበት። እኛ ምንም ወረቀት ስላልነበረን ወረዳ ሄደን ማመልከት ስንፈልግ የምናሳየው ነገር አጣን፣ ልጁም ስልኩን አያነሳም።

ክፍያውን በሶስት ከፍላችሁ የመጨረሻውን ያዙት። ከመክፈላችሁ በፊት ዋናውን አስጠፍታችሁ ራሳችሁ የመረጣችሁትን፣ እሱ የመረጠላችሁን ሳይሆን፣ ሶስት አራት ሶኬት አስፈቱ፣ ከግድግዳ የሚመጣው ሽቦ አዲስ ነው ወይስ ጨርቅ ነው እዩ፣ ጎተት አድርጉት። የወጣው አሮጌ ሽቦ የእናንተ ንብረት ነው፣ ግቢ ውስጥ ተከምሮ ማየት አለባችሁ። ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ማውጣት የማይቻል ከሆነ ሁለቱም ጫፉ ተቆርጦ ሞቶ መቅረቱን በቴስተር ያሳያችሁ። ውጭ ያላችሁ ደሞ ያለቀ ሶኬት ፎቶ ምንም አይነግራችሁም፣ ሳይለሰንና ክዳኑ ሳይዘጋ ቪድዮ አስነሱ፣ ሽቦው ላይ የተጻፈው እንዲነበብ ተጠግተው ያንሱት።

እኛ አሁን ጋሼ እየመሩት እንደገና እያሰራን ነው። የድሮውን ቆርጠን ትተነው አዲሱ ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ የፕላስቲክ ካናል እየሄደ ነው፣ ውበቱ ያን ያህል ነው፣ እናቴ ግን መስመሩን በዓይኗ ስለምታየው ደስ ብሏታል። ምጣዱ የራሱ መስመርና ብሬከር አለው፣ ጓሮ ተቆፍሮ የኧርዝ ዘንግ በከሰልና በጨው ተቀብሯል፣ ሻወር ቤቱ በ30 ሚሊ አምፔር ሊኬጅ (ከመስመሩ ያፈተለከ ከረንት) የሚቆርጥ ብሬከር ገብቶለታል። እስኪያልቅ እንጀራ ጎረቤት ነው የምትጋግረው። እህቴ እንደገና መላክ ነበረባት፣ እሱ ነው በጣም ያናደደኝ፣ ያ ብር እንዴት እንደመጣ ስለማውቅ።

እስከዛ የናንተም ቤት ግድግዳ ከጋለ፣ ሶኬት ከጠቆረ፣ የፕላስቲክ ሽታ ካለ ወይ ቧንቧ ከነዘራችሁ ነገ አትበሉ፣ ዋናውን አጥፉና ሰው ጥሩ። እሳት ከተነሳ መብራቱ ሳይጠፋ ውሃ እንዳትደፉበት፣ አዲስ አበባ ያላችሁ 939 ደውሉ።

ልጁን ባለፈው ሳምንት ከኛ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ መሰላል ሲያቆም አይተነው ወንድሜ ሄዶ ለባለቤቲቱ ነገራት፣ እሷም እሱ እያለ ሳሎኗ ውስጥ ያለውን አዲስ ሶኬት አስፈታች፣ ከኋላው የጨርቅ ሽቦ ወጣ፣ ቀሪ ብሯን አልከፈለችውም።