የሦስት ትውልድ መስቀል በማይረባ ቁልፍ

የብር መስቀሌን ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። መስቀሉ ላይ እንከን አላገኘሁም። ጣጣው ያለው ማጅራቴ ላይ ነው። የሰንሰለቱ ቁልፍ፣ ያቺ ምስር የምታክል ክብ ነገር፣ ገና ዓመት ሳይሞላት አልዘጋም አለች። በጥፍሬ ወደኋላ ስስባት ትከፈታለች፣ ስለቃት አትመለስም። አፏን ከፍታ ቁጭ ነው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አንገቴን ብዳብስ ባዶ! መስቀሉ የነጠላዬ ጥለት ላይ ተጠላልፎ ተገኘ። የጫፉ ሽቦ ክር ባይዝ ኖሮ ይሄኔ የአንዱ ሚኒባስ ሲሳይ ሆኖ ነበር።

ሻጩ ምን እንደሚለኝ ከወዲሁ አውቃለሁ። «እህቴ፣ ቁልፍ እኮ አላቂ ዕቃ ነው።» ምን ማለት ነው አላቂ? የመኪና ጎማ ገዛሁ እንዴ? ዋጋውን ስትነግረኝ «በእጅ የተሠራ፣ ከአያት የመጣ ሙያ» ያልከው አንተ አይደለህም? እጅ የነካው መስቀሉን ብቻ ነው። ሰንሰለቱና ቁልፉ ከውጭ በጅምላ የሚመጡ ናቸው። ይህን ደግሞ ከፍዬ ከጨረስኩ በኋላ ነው የሰማሁት።

ያናደደኝም የቤቱ ታሪክ እውነት መሆኑ ነው። ውሸት ቢሆን «ተሸወድኩ» ብዬ እተወው ነበር። ቤተሰቡ ለረጅም ጊዜ ፒያሳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ዕቃቸውን ይዘው አንድ ሕንፃ ላይ ወጡ። አሁን የሚሸጠው የልጅ ልጅየው ነው። አባትየው ከመጋረጃ ጀርባ ይሠራሉ። አያትየው ብር ማንጠር የተማሩት ከአንድ አርመናዊ ወርቅ ሠሪ ነው አሉኝ። ይህ አይገርምም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በአዲስ አበባ አርመኖች በወርቅ ሥራ የታወቁ ነበሩ።

የገረመኝ ሌላ ነው። አሮጌው ታፔላ ላይ በትልቁ የተጻፈው «የሰዓት ጥገና» የሚል ነው። ወርቅና ብር በትንሹ ከሥር ነው ያለው። ምክንያቱን አባትየው ሲነግሩኝ ሳቅ አሉ። በአያትየው ጊዜ «አንጥረኛ» መባል አያኮራም ነበር። ብረት ቀጥቃጩም ብር አንጣሪውም «ጠይብ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ ግን የሰው አፍ በአንድ ቀን አይዘጋም። ሰዓት ሠሪ ግን የፈረንጅ ሙያ ነው፣ ያስከብራል። ስለዚህ አያትየው ቀን ቀን ሰዓት እየፈቱ ማታ ማታ መስቀል ይሠሩ ነበር። ልጃቸውም ሁለቱንም ያዙ። ዛሬም ጠረጴዛቸው ላይ የተደረደሩት ሰዓቶች ግማሾቹ በእኛ፣ ግማሾቹ በፈረንጅ ተሞልተዋል። ጠያቂ ግራ ሲጋባ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ስለ ብሩም አንድ ሙግት አለኝ። ልጁ «ከአንድ ሙሉ ጠገራ የወጣ ነው» ብሎኛል። የድሮው መስቀል፣ ድሪውና አልቦው በብዛት የሚሠራው ከጠገራ ብር እንደነበር የታወቀ ነው። ጠገራ ማለት ያቺ የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ ምስል ያለባት ብር ናት። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ የት አገር ቢታተም፣ ስንት ዓመት ቢያልፍ፣ ብሩ ላይ የሚቀረጸው ያው 1780 ነው። ሙሶሊኒ እንኳ ሊወረን ሲዘጋጅ ሮም ላይ አሳትሞታል። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከወጣ በኋላ ጠገራው ከገበያ እየወጣ ሄደ፣ ብዙውም አንጥረኛ እጅ ገብቶ ቀለጠ።

አንድ ጠገራ 28 ግራም ነው። የእኔን መስቀል ሌላ ወርቅ ቤት አስመዘንኩት፣ 19 ግራም። ቀሪው 9 ግራም የት ገባ? «በሞረድ ብናኝ ሆኖ» እንዳትለኝ ብቻ። ብናኙንማ በመሳቢያ ሰብስባችሁ መልሳችሁ ታቀልጡታላችሁ፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለ መጥቆሩ ግን አልከራከርም። ጓደኞቼ «ጠቆረ፣ ተሸወድሽ» ይሉኛል። እንዲያውም የማይጠቁር «ብር» ካጋጠማችሁ እሱን ጠርጥሩ። ወይ ቅብ ነው፣ ወይ ብር አይደለም። ጠገራ ከመቶ 83 እጁ ብር ነው፣ የቀረው መዳብ። ላብና አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ያለ ነው። ለስላሳ ጨርቅና ትንሽ ሳሙና ይመልሰዋል። እኔ እንዲያውም ጥቁረቱን ከሽቦዎቹ መሀል አላወጣውም፣ ሥራውን ያጎላዋል።

ሥራውስ! አባትየው ሲሠሩ ቆሜ አይቻለሁ። ብሩን ቀዳዳ ባለው ብረት ውስጥ እየጎተቱ ያቀጥኑታል፣ ከትልቁ ቀዳዳ ወደ ትንሹ፣ ክር እስኪመስል። ሁለቱን ክር አንድ ላይ ይገምዱና በመዶሻ ጠፍጠፍ ያደርጉታል። ጠርዙ ጥርስ ያወጣል። ያንን በወረንጦ እየጠቀለሉ መስቀሉ ሆድ ውስጥ ይደረድሩታል። ቦራክስና የብየዳ ዱቄት ነስነስ አድርገው እሳቱን ሲያስጠጉት ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። አንድ ሰከንድ ቢያልፍ ክሩ ሁሉ ቀልጦ ጠብታ ይሆናል። እንዲህ የተለፋበትን ነገር ነው እንግዲህ በዚያች ቁልፍ ያንጠለጠሉልኝ።

ቁልፏን ይዤ የሄድኩ ቀን ልጁ «በአዲስ እንቀይርልሽ» አለኝ። አዲሱም የዚያችው እህት ናት። እምቢ አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነው መሰለኝ አባትየው ከመጋረጃው ጀርባ ወጡ። የሰዓት ማያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ እንዳደረጉ ቁልፏን ተቀበሉኝ።

«ልጄ፣ ውስጧ ስፕሪንግ አለ» አሉኝ። «ስፕሪንጉ ብረት ነው። ላብ ሲገባበት ይዝጋል። ሰዓትም የሚሞተው እንዲሁ ነው።»

«ታዲያ አባባ፣ ለምን ትሸጧታላችሁ?»

ልጃቸውን ዞር ብለው አዩት እንጂ አልመለሱልኝም። ከመሳቢያው ቁራጭ የብር ሽቦ አወጡ። ጫፉን በእሳት አድቦልቡለው፣ በጉጠት ቆልምመው መንጠቆ አደረጉት። በሌላኛው ጫፍ ቀለበት በየዱ። ስፕሪንግ የለ፣ ብረት የለ። የድሮ ድሪ እንዲህ ነበር የሚያያዘው አሉ። ቡናዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ አለቀ። ገንዘብ ስሰጥም አልተቀበሉኝም። ከዚያ ወዲህ መስቀሉን ለብሼው እተኛለሁ፣ ንቅንቅ አላለም።

እንግዲህ ግዙ ነው አትግዙ የምለው? መስቀሉን ግዙ። በዚያ ዋጋ ማሽን ያወጣውን አንድ ዓይነት ዕቃ ከሚገዛ ሰው ጋር ክርክር አልገጥምም፣ የእኔ የተሻለ ነው። ሰንሰለቱን ግን እዚያው ተዉላቸውና በጥቁር ክር እሰሩት፣ ወይም መንጠቆ እንዲሠሩላችሁ አባትየውን ራሳቸውን ጠይቁ። ልጁን አትጠይቁት። ጉትቻም አዝዤ ነበር፣ «መንጠቆውን አባባ ይሥሩልኝ» ብዬ። «የእሳቸው ሥራ ይቆያል፣ ደንበኛ ደግሞ አይጠብቅም» አለኝ። እጠብቃለሁ አልኩት። ቀብድ ተቀበለኝ፣ ደረሰኝ ላይም በእጅ የሚሠራ መንጠቆ ብሎ እንዲጽፍ አደረግሁት።