ዊንዶውስ ኤክስፒ ዛሬም፦ ለትየባ አንደኛ፣ ፍላሽ ግን አታስጠጉት

ደብረ ማርቆስ ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፣ ሁለት ኮምፒውተር ነው ያለኝ፣ አንዱ ዊንዶውስ 10 ሌላው እስካሁን የድሮው ዊንዶውስ፣ ኤክስፒ ነው። የሚያየው ሁሉ "አንቺ አሁንም በዚህ ትሰሪያለሽ?" ይለኛል። እና ምን ላርግ፣ የኤክስፒው ማሽን 1 ጊጋ ራም (የመሥሪያ ሜሞሪ) ነው ያለው፣ 10 አስጭኜበት ነበር አንድ ማመልከቻ እስኪከፍት ባለጉዳዩ ቡና ጠጥቶ ይመለሳል። ኤክስፒ እኮ በ2001 እ.ኤ.አ ሲወጣ 64 ሜጋ ራም ካገኘሁ እሰራለሁ ያለ ነው፣ 1 ጊጋ ለሱ ድግስ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያንን ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ ዲስኩን ይፈትሽና ይነሳል፣ ዎርድ 2003 ወዲያው ይከፈታል።

አማርኛ ላይ ግን ያስቸግራል። የግዕዝ ፎንት ይዞ አልመጣም፣ ኒያላ የሚባለው የግዕዝ ፎንት የመጣው ከሱ ቀጥሎ ከወጣው ዊንዶውስ ከቪስታ ጋር ነው፣ ስለዚህ ፎንት ካልጫናችሁ ሰው በስልኩ ጽፎ ያመጣው ሁሉ ሳጥን በሳጥን ነው። እኔ ፓወር ግዕዝ የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ ጭኜ ተገላገልኩ፣ ግን በድሮዎቹ ፎንቶች የጻፋችሁት ሌላ ኮምፒውተር ላይ የፈረንጅ ፊደል ድብልቅልቅ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ እዛው ፕሪንት አድርጋችሁ ስጡ።

ትልቁ ጣጣ ፍላሽ ነው። አንዱ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ መጣ፣ ሰካሁት፣ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆነ፣ ልጁ ሊያለቅስ ደረሰ። ደግነቱ ቫይረሱ ደብቆት እንጂ አላጠፋውም፣ ሲኤምዲ (ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት) ከፍቼ አትሪብ በሚለው ትእዛዝ አወጣሁለት። ከዛ ወዲህ ፍላሽ መጀመሪያ 10ሩ ላይ ስካን ሳይደረግ ወደ ኤክስፒው አይጠጋም። ኢንተርኔቱንማ ነቅዬዋለሁ፣ ማይክሮሶፍት ከ2014 እ.ኤ.አ ጀምሮ ትቶታል፣ በ2017 እ.ኤ.አ ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ ዓለሙን ሲያምስ ማስተካከያ ወረወረለት እንጂ። ድረገጽ መክፈቻው ክሮምም ቁጥር 49 ላይ ነው የቆመለት፣ ብዙ ድረገጽ አይከፍትም።

ኤክስፒ ሲከፈት ስክሪኑ ላይ የምትታየውን ያቺን አረንጓዴ ጉብታ ግን እወዳታለሁ፣ ፎቶው የካሊፎርኒያ ነው። ከጮቄ ስር የመጡ አንድ አባት ማመልከቻ ሳጽፍላቸው ስክሪኑን አይተው "ልጄ ይኸ የማን ግጦሽ ነው? ከብት እንኳ አልገባበትም" አሉኝ፣ እስካሁን ያስቀኛል።

አዲስ ፕሪንተር ልትገዙለት ካሰባችሁ ግን የኤክስፒ ድራይቨር (ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) እንዳለው ሳታዩ ብር እንዳትከፍሉ፣ የአሁኖቹ አብዛኞቹ አይሰሩለትም። የኔ የድሮው ፕሪንተር የኤችፒ 1020 ነው፣ የድራይቨር ሲዲው ተቧጭሮብኛል፣ ማርቆስ ያላችሁ ካላችሁ ለአንድ ቀን አውሱኝ።