የማክስ ኤርንስት ሁለት መንገዶች፦ ፍሮታዥ ወይስ ዴካልኮማኒያ?

እ.ኤ.አ. በ1925 ጀርመናዊው ሰዓሊ ማክስ ኤርንስት ፈረንሳይ ውስጥ ባሕር ዳር አርፎ ነበር። ያረጀው የጣውላ ወለል ዓይኑን ያዘው። ወረቀት አነጠፈበትና በእርሳስ ፈተገው። የእንጨቱ መስመር ብቅ አለ፤ ጫካና ወፍ ሆነለት። ፍሮታዥ ይኸው ነው። ለጀማሪ እኔ ይህንን እመርጣለሁ፤ ወረቀትና እርሳስ ካለ ዛሬውኑ መሞከር ይቻላል።

ዴካልኮማኒያ እጅ ያቆሽሻል። እርጥብ ቀለም ላይ መስታወት ወይም ወረቀት ተጭኖ ይነሳል። ቀለሙ ተጎትቶ እንደ ድንጋይ ሽበት፣ እንደ በሰበሰ ድንጋይ ይቀራል። ከዚያ የሰዓሊው ብሩሽ ይከተላል።

ኤርንስት «አውሮፓ ከዝናብ በኋላ» ካላቸው ሥዕሎቹ ሁለተኛውን በዚህ መንገድ ሠራው። እ.ኤ.አ. በ1940 ጀምሮት፣ ከናዚዎች ሸሽቶ አሜሪካ ከገባ በኋላ በ1942 ጨረሰው። ያን የፈራረሰ ምድር እርሳስ ብቻውን የሚችለው አይመስለኝም።