ዛንዚባር ላይ የት ይታደር? ኑንግዊ ወይስ ጃምቢያኒ

ዋጋው የሚቀመስ ትንሽ ሆቴል በሁለቱም ቦታ አለ። ልዩነቱን የሚፈጥረው ባሕሩ ነው።

በሰሜን ጫፍ ያለችው ኑንግዊ ውሃዋ ብዙም ስለማይሸሽ ቀኑን ሙሉ ያዋኛል። ምሽቱ ግን ጫጫታ አያጣውም፤ በርካሽ የሚገኘውም ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከዳርቻው ገባ ያለ ነው።

በደቡብ ምሥራቅ ጃምቢያኒ ዳርቻው ጥልቀት ስለሌለው ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ርቆ ይሸሻል። ሙሉ ጨረቃ ሰሞን ይህ የሚሆነው ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ነው (የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠርም እንደኛው ነው)። ያኔ ሴቶች በችካልና በገመድ ያበቀሉትን የባሕር አረም ሲሰበስቡ ይታያል። በባዶ እግር መግባት አያዋጣም፤ እሾሃም የባሕር ፍጥረት ይወጋል። በአንዳንድ ማረፊያ የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ይላል።

ለተፈጥሮ ወዳድ ጃምቢያኒ ይሻላል፤ ቀይ ኮሎበስ ጦጣ ያለበት የጆዛኒ ደን ይቀርበዋል። ለመዋኘት ብቻ ከሆነ ኑንግዊ። ክፍል ከመያዝዎ በፊት አጎበርና ማራገቢያ መኖሩን፣ ቁርስ መካተቱን ይጠይቁ። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ዋጋ ይወርዳል፤ ዝናቡ ግን አይጣል ነው።

ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ካርድ ይያዝ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጥቅምት ጀምሮ 44 ዶላር የሚከፈልበት የዛንዚባር ኢንሹራንስም ግዴታ ሆኗል።