ለተራበ ገጠር፦ ጥሬ ገንዘብ ወይስ እህል?

ምርጫውን መወሰን ያለበት የአካባቢው ገበያ ነው፤ የበጀት ክፍሉ ምቾት መሆን የለበትም።

ገንዘብ መጋዘንና የጭነት መኪና አይፈልግም፤ ነቀዝም አይበላውም። ቤተሰቡ እህል ገዝቶ የተረፈውን ለዘር፣ ለመድኃኒት ወይም ለዕዳ ያውለዋል። ሜክሲኮ በ1997 እ.ኤ.አ. በጀመረችው መርሐ ግብር ክፍያው የሚደርሰው ለእናቶች ነበር፤ ልጆች ትምህርት እንዲከታተሉና ቤተሰቡ የጤና ምርመራ እንዲያደርግም ግዴታ ነበረበት። ችግሩ የሚመጣው ዋጋ ሲንር ነው። የክፍያው መጠን የሚከለሰው በዓመት አንዴ ከሆነና የእህል ዋጋ በመሃል በእጥፍ ከጨመረ፣ ያው ገንዘብ የቀድሞውን ግማሽ ብቻ ይገዛል። ይህ ደግሞ የሚከሰተው አዝመራ ከመድረሱ በፊት፣ የድሃው ጎተራ ባዶ በሆነበት ወቅት ነው፤ በጣም የሚያሳዝነውም ይኸው ነው።

እህል ከዚህ ንረት ይከላከላል፤ መጠኑ ግን መፈተሽ አለበት። ህንድ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ አብዛኛው ተጠቃሚ በወር 5 ኪሎ ያገኛል። ይህ በቀን ወደ 167 ግራም ወይም 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው፤ ለአስቸኳይ ዕርዳታ ከሚታቀደው 2,100 ኪሎ ካሎሪ ከሩብ ትንሽ ይበልጣል። የዘገየ እህል ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው፤ ከአዝመራው ጋር ገጥሞ ሲራገፍ ገበሬው ምርቱን በርካሽ እንዲሸጥ ያስገድዳል።

ከውሳኔው በፊት ነጋዴዎችን መጠየቅ ይበጃል፦ ፍላጎት ቢጨምር በሁለት ሳምንት ውስጥ በቀድሞው ዋጋ እህል ታመጣላችሁ? አዎ ካሉ ገንዘብ ይሻላል። መንገድ በሚዘጋበት፣ ነጋዴውም አንድ ብቻ በሆነበት ቦታ ግን እህሉ ከዝናቡ በፊት ይግባ።