ለማይክሮቺፕ የገዛሁት የሙቀት ካሜራ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ካሜራው እጄ በገባ በመጀመሪያው ቀን ዋሽቶኛል። ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፤ ክፍሉ 14 ዲግሪ ነው። ገና ኤሌክትሪክ ያልነካውን ቺፕ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ከላይ ባየው 31 ዲግሪ አለኝ። ጎንበስ ስል ቁጥሩ ይወጣል፣ ቀና ስል ይወርዳል። ለካ የማየው በቺፑ ላይ የተንጸባረቀውን የራሴን ፊት ኖሯል።

ቺፑ ምንድን ነው ለምትሉ፦ መስታወት ላይ ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ የሚባል ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስስ ሽፋን አለ፤ በእሱ ላይ አንድ ማይክሮሜትር ያህል ሲሊከን ተለብጧል። ሲሊከኑ በጨለማ ኤሌክትሪክ ለማሳለፍ ይለግማል፤ ብርሃን ያረፈበት ቦታ ግን ያሳልፋል። ከላይ ሌላ መስታወት ተከድኖ በመካከላቸው ሕዋስ ያለበት ፈሳሽ ይገባል። ከዚያ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ቮልት ሲሰጥ፣ ከፕሮጀክተር የወጣ የብርሃን ቀለበት ሕዋሱን እንደ በግ ይነዳዋል። ስልቱን በ2005 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት ያሳተሙት የካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲዎቹ ፔይ ዩ ቺዩ፣ አሮን ኦታ እና ሚንግ ዉ ናቸው። የእኔን ሁለት ቺፖች ውጭ አገር የሚማረው ወንድሜ ነው የላከልኝ። የምነዳው ሕዋስ ደግሞ ከጎረቤታችን የገብስ ጠላ ጥንስስ የወሰድኩትን እርሾ ነው፤ ሦስት ጊዜ በስኳር ውኃ ታጥቦ።

ካሜራው ስልክ ላይ የሚሰካ ዓይነት ሲሆን ምስሉ 256 በ192 ነጥብ ነው። በዚህ ዋጋ የሚሸጡት ሁሉ ስለሚመሳሰሉ የአምራቹን ስም መጥራት አያስፈልግም። ለፋሲካ ሦስት ሙክት የሚገዛ ገንዘብ አውጥቼበታለሁ።

ወደ ነጸብራቁ ልመለስ። የሚያብረቀርቅ ሽፋን ኢንፍራሬድ ጨረርን እንደ መስተዋት ይመልሳል፤ የራሱን ሙቀት ግን በስስት ነው የሚያወጣው። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ጥቁር ፕላስተር ቁራጭ ዳር ላይ መለጠፍና እሱን መለካት። ፕላስተሩን ስለጥፍ 31 የነበረው 14 ሆነ። ክዳኑ ሲገጠም ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። መስታወት ለዓይናችን ክፍት ቢሆንም ለዚህ ካሜራ ግድግዳ ነው። ስለዚህ የሚለካው የክዳኑን ጀርባ እንጂ ፈሳሹን አይደለም። በዚያ ላይ ማጉያ ሌንስ ብጨምርም አንዷ ነጥብ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ያህል ትሸፍናለች፤ በዚያ ስፋት አራት መቶ ያህል የእርሾ ሕዋሳት ይደረደራሉ።

ይህ ለምን ያሳስበኛል? ፈሳሹ የሚሞቀው በራሱ ውስጥ በሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው፤ ያም ብርሃን ባረፈበት፣ ማለትም ሕዋሱ ባለበት ቦታ ይበረታል። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። መስታወቶቹ ቀዝቃዛ ሆነው ቢቆዩ እንኳ፣ ፈሳሹ ላይ 10 ቮልት ቢያርፍ የስኳር ውኃው ጭማሪ ከ0.2 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ በሰውነታችን ውስጥ ያለውን ያህል ጨው ያለበት ፈሳሽ ግን ከ30 ዲግሪ በላይ ይጨምር ነበር። እርሾውን በስኳር ውኃ የማጥበው ለዚሁ ነው።

የካቲት ላይ ስግብግብነት ይዞኝ ትንሽ ጨው ጨመርኩ። ሕዋሳቱ አልነዳ ሲሉኝ ቮልቱንም ብርሃኑንም ከፍ አደረግኩ። ካሜራው 29 አለ፤ እኔም ተረጋጋሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሜቲሊን ብሉ ጠብ ባደርግበት ቀለበቱ ውስጥ የነበሩት ሰማያዊ ሆኑ፤ ይህ ቀለም የሚዘልቀው የሞተ እርሾ ውስጥ ነው። ቮልቱ ይሆን የገደላቸው ብዬ ያንኑ ቮልትና ብርሃን በስኳር ውኃ ደገምኩት፤ ሰማያዊ የሆኑት ጥቂት ነበሩ። በኋላ አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ ጋ ሄጄ ሮዳሚን ቢ በሚባል ቀለም ፈሳሹን ራሱን ለካን። ይህ ቀለም ሲሞቅ ፍካቱ በየዲግሪው ሁለት በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በአንድ ዓይነት አሠራር ካሜራው የ4 ዲግሪ ጭማሪ ሲያሳይ ቀለሙ 9 አሳየ።

ካሜራውን እንደ ቴርሞሜትር ከወሰድነው በብርድ ይንገዳገዳል። ውርጭ ባደረበት ጠዋት ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ቁጥሩ ሦስት ዲግሪ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ «ጠቅ» እያለ ራሱን እስኪያስተካክል ሻይ መጠጣት ነው። በፈላ ውኃ የምትፈትሹት ካላችሁ ደግሞ በእኛ ከፍታ ውኃ 100 ላይ እንደማይፈላ አትርሱ። እዚህ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ የእኔ ካሜራ 88 አለ። እኔ ግን መጀመሪያ 12 ዲግሪ ተሳሳተ ብዬ ለሻጩ የቁጣ መልእክት ጽፌለት ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬም አልሸጠውም። ግንቦት ላይ ሁለተኛው ቺፕ በድንገት ሥራ አቆመ። ቮልቱ አለ፣ ብርሃኑ አለ፣ ሕዋሱ ግን ንቅንቅ አይልም። ካሜራውን ሳዞርበት ሽቦው በብር ቅባት የተጣበቀበት ጥግ እንደ ፍም በርቶ አገኘሁት። መጋጠሚያው ላልቶ ኖሯል። ያለ ካሜራው ፈሳሹን ስጠራጠር ሳምንት ባለቀ ነበር። የት እንደሞቀ በመናገር የሚደርስበት የለም፤ ስንት እንደሞቀ ሲናገር ነው የማላምነው።

ቤት ውስጥም ይሠራል። የእናቴን የኤሌክትሪክ ምጣድ ባሳያት በስተግራ ሰፊ ሰማያዊ ጠባሳ ታየ፤ ሽቦው እዚያ ጋ ደክሟል። ስልኩን እንኳ በቅጡ ሳታይ «እሱን የእንጀራው ዓይን ከነገረኝ ሁለት ወር ሆነው» አለችኝ።

ከጉድለቶቹ የስልኩ መሰኪያ መላላቱ ያናድዳል፤ አጭር ገመድ ገዝቼ ተገላግያለሁ። ፕሮግራሙ ሲታደስ የሁለት ወር ምስሎቼን አጥፍቶብኛል፤ ስለዚህ በየቀኑ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ። ለቺፕ ብቻ የምታስቡት ከሆነ ግን መጀመሪያ ሮዳሚኑንና እሱን የሚያይ ማይክሮስኮፕ ፈልጉ፤ ካሜራው ቀጥሎ ይመጣል።