ደብረ ብርሃን ውስጥ እንግሊዝኛ መናገር ለምትማሩ፦ እኚህን መምህርት ፈልጉ

ጠባሴ አካባቢ ማታ ማታ የእንግሊዝኛ ንግግር ለሚያስተምሩት መምህርት ምስጋናዬ በአደባባይ ይድረሳቸው። እግዜር ይስጥልን!

አስተማሪማ ሞልቷል። ክፍያውን ተቀብሎ የግስ ሰንጠረዥ የሚያሸመድድ፣ «አነጋገርህን አስተካክል» ብሎ ምኑን እንደሆነ የማይናገር። ተማሪው ሰዋስዉን ጨርሶ የአንዲት «ሶሪ» የድምፅ ዜማ ያደናቅፈዋል። ያናድዳል።

እሳቸው ዘንድ የሆቴል ሪሴፕሽን የሚሠራ ልጅ ይማራል። ወደ መንዝ ጓሳ የሚያልፉ የውጭ እንግዶች ያሉት ሳይሰማው ሲቀር «ሶሪ» ይላል፤ እነሱም ይቅርታ የጠየቃቸው መስሏቸው «ችግር የለም» ብለው ያልፋሉ። ይህን ሲናገር ክፍሉ ሳቀ። መምህርታችን ሳቁን አስቁመው አጠገቡ ተቀመጡ፣ ድምፁንም በስልኩ ቀረጹለት። «ሶ» ከፍ ብሎ «ሪ» ከወረደ ይቅርታ ነው፤ «ሶ» ዝቅ ብሎ «ሪ» ሽቅብ ከወጣ «ምን አሉኝ?» ነው። መጀመሪያ አፉን ዘግቶ ዜማውን ብቻ አስጎመጎሙት፣ ከዚያ ቃሉን አስገቡበት፣ ከዚያ ቅጂውን አሰሙት። በዚያው ምሽት ያዘው። ተባረኩ!

«ቲ ኦር ኮፊ» ሲባልም እንዲሁ ነው። «ቲ» ወጥቶ «ኮፊ» ከወረደ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ማለት ነው፤ «ኮፊ»ም ከወጣ ሌላ መጠጥም መጠየቅ ይቻላል። «ዩ አር ፍሮም አንኮበር፣ አረንት ዩ» («ከአንኮበር ነህ፣ አይደል») ብሎ የመጨረሻውን ድምፅ ወደ ታች የጣለ ሰው እርግጠኛ ሆኖ እሺታ ይጠብቃል፤ ያነሳው ግን የምር እየጠየቀ ነው። ከሁሉ የሚከፋው «የስ» ነው፤ ወርዶ መልሶ ቀና ካለ «አዎ፣ ግን…» ነው። ይህን ያልለየ ተስማሙልኝ ብሎ ይሄዳል።

የእኛ ችግር ከየት ይመጣል? አማርኛ ላይ «ወይ» እና «እንዴ» ጥያቄውን ይሸከሙልናል፤ እንግሊዝኛ ላይ ግን አንዳንዴ ድምፅ ብቻውን ይሸከመዋል። ደግሞ ቃሉን ሁሉ እናነሳለን። መነሳት ወይም መውደቅ ያለበት አንዱ ዋና ቃል ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ቁም ነገር ያለበት ቃል፤ ያውም ጠበቅ ተደርጎ ከሚነገረው ክፍለ ቃሉ ጀምሮ። ስንጥለው ደግሞ እስከ ታች ድረስ እንጣለው፤ መሀል ላይ ከቀረ ሰሚው ገና የሚቀጥል መስሎት ይጠብቃል።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት፣ ማንንም ሳያሳፍሩ ያሳያሉ። ልጆቻችሁን ላኩ፣ እናንተም ሂዱ። የሆቴልና የአስጎብኚ ሠራተኞች በተለይ ሂዱ! አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፤ ድምፅ የሚቀርጽ ስልክ ይዛችሁ ሂዱ።